የአንድ ልጅ ኪኒን ለአንድ ዶርም፦ ከጎንደር የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ የሁለት ተማሪዎች ነው። አንዱ ከደንቢያ ገጠር የመጣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የዶርም ጓደኛው ነው። ሁለቱም ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ፤ ስምም አልጠራም። እኔ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተማሪዎች አማካሪ ነኝ።

መጀመሪያ እኔ ዘንድ የደረሰው የደንቢያው ልጅ ነው። የመውጫ ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። አንድ ሌሊት ልቡ እየዘለለ፣ ደረቱን እያፈነው፣ ጓደኞቹ ደግፈው ክሊኒክ ወሰዱት። ተረኛዋ ነርስ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ የልብ ምት በደቂቃ 126፣ የደም ግፊት 150 በ95። ላብ አጥምቆታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ልሞት ነው» ይላል ደጋግሞ።

ምን እንደወሰደ ስትጠይቀው ቡና ብቻ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጫትም እንደቃመ ተናገረ። ስለ ኪኒኑ ግን ትንፍሽ አላለም። የተናገረው የአዲስ አበባው ልጅ ነው። «ሲስተር፣ የኔን መድኃኒት ወስዷል። ሦስት ፍሬ» አላት። ያን ሌሊት እውነቱን የማውጣት ድፍረት ያገኘው፣ ብዙ ሊያጣ የሚችለው ልጅ ነበር። ይህን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ እሱ ነውና።

ኪኒኑ ሜቲልፌኒዴት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ ነው። መጀመሪያ የተቀመመው በ1944 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ሲባ በተባለው ኩባንያ ነው። ዛሬ በዋናነት የሚታዘዘው ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ላለባቸው ሰዎች ነው። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ሐሳብን ሰብስቦ መቆየት የሚያስቸግርበት፣ አንዳንዴም መቅበጥበጥና ችኩልነት የሚጨመርበት ሁኔታ ነው። ከልጅነት ይጀምራል። በሐኪሞች መመዘኛ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው፤ ያውም ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቤትም ጭምር። በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል።

መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኤፒንፍሪን የተባሉ ኬሚካሎች ቶሎ ተመልሰው እንዳይመጠጡ ያደርጋል። አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከተዋጠ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። በሐኪም ክትትል ሲወሰድ ብዙ ሰው የጠቀመ መድኃኒት ነው። ይህን የምለው ከዚህ በታች ያለውን አንብቦ የራሱን መድኃኒት የሚያቆም ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

ጎንደር ላይ ተማሪ ሌሊቱን ነቅቶ ማንጋት አዲስ ነገር አይደለም። ቡናው አለ፣ ጫቱ አለ። ሲኒየሮች ለጁኒየሮች የሚያወርሱት ነገር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር በጣም ይቀራረባል። ተማሪው ግን እንደ መድኃኒት አያየውም። ስለዚህ ኪኒኑ ዶርም ሲገባ እንደ ባዕድ ነገር አልታየም። ከጫት የተሻለ፣ አፍ የማያደርቅ፣ ጊዜ የማይወስድ፣ ምርቃና የሌለበት ንጹሕ ነገር ተደርጎ ተወሰደ። የደንቢያው ልጅ የነገረኝም ይህንኑ ነው። «ቲቸር፣ ፋብሪካ የሠራው ነው፣ ሐኪም ያዘዘው ነው። ከጫት አይብስም ብዬ ነው» አለኝ። ለሌላ ሰው የታዘዘ መሆኑ ለእሱ ትንሽ ነገር ነበር።

ሲጀምር ግማሽ ኪኒን ነበር የወሰደው። አንዱ ፍሬ 10 ሚሊግራም ነው። ያን ማታ ላይብረሪ እስኪዘጋ ሳይነሳ ቸከለ። በዚህ በጣም ተደሰተ። ከዚያ ሙሉ ሆነ። ከዚያ ሁለት፤ አንዱ ከእራት በኋላ፣ አንዱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ። እንቅልፉ ወደ ሦስት ሰዓት ወረደ። ጠዋት ሲዝልበት ቡና ይጨምራል። ከሰዓት ሲወድቅበት ጫት ይዞ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ነገር የፊተኛውን ጉድለት መሸፈኛ ሆነ።

ለምን ማንም አላየውም? ምክንያቱም ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር።

መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ልጁ ድሮም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ነው። ካፌ አለመግባቱ ለማንም እንግዳ አልሆነም። እንዲያውም የዶርም ልጆች መነኮሰ እያሉ ያደንቁት ነበር። ከሳ፣ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። ሁሉም ለጾሙ ተሰጠ። ከተማው ሁሉ በሚጾምበት ሰሞን አለመብላት እንደ ሕመም ምልክት አይታይም። ከዚህ በኋላ በጾም ወራት የሚመጣ ተማሪ ከሳሁ ሲለኝ፣ ጾሙ ሲፈታ ርቦህ በላህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

የደንቢያው ልጅ አልበላም። ለፋሲካ ቤቱ ሄደ። ዶሮው ቀረበለት። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ሌሊቱንም አልተኛም፤ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ አደረ። እናቱ ደነገጡ። ቡዳ በልቶታል ብለው ጠበል ወሰዱት። ጠበሉ ቦታ ባደረበት ጊዜ ኪኒን አልያዘም ነበርና እንቅልፍ ጣለው፣ ምግብም ትንሽ ቀመሰ። እናቱ አመስግነው ወደ ትምህርቱ ሸኙት። ጎንደር በገባ በማግስቱ ግን እዚያው ነገር ላይ ተመለሰ።

ኋላ ላይ እናቱ ቢሮዬ መጥተው ነበር። «የኔ ጌታ፣ ልጄን ምን አስነኩብኝ?» አሉኝ። «እናቴ፣ ማንም ምንም አላስነካውም። የሌላ ልጅ መድኃኒት ነው የወሰደው» አልኳቸው። በሽተኛ ላልሆነ ልጅ መድኃኒት ምን ያደርግለታል ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ስለ ጠበሉ ምንም ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ ልጃቸው እዚያ ስለተኛና ስለበላ ደስ ብሎኛል። የነገርኳቸው ሐኪምም ጎን ለጎን እንዲያየው ብቻ ነው። እሳቸውም አልተቃወሙም።

አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ፤ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። ሠራለት ወይ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ዋናው ከመድረሱ በፊት ተቋማት ሞዴል ፈተና ይሰጣሉ። ልጁ የመጀመሪያውን ሞዴል ያለ ኪኒን ተፈተነ፤ ጥቂት ነጥብ ጎደለው። ሁለተኛውን ኪኒን ውጦ ገባ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «ዛሬ ገላገልኳት» አለ ለጓደኞቹ። ውጤቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው አነሰ። አንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ሰዓት ቆይቶ፣ መልሱን ለውጦ፣ እንደገና ለውጦ፣ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳያነብ ሰዓቱ አልቆበታል።

የአንድ ልጅ የአንድ ቀን ውጤት ምንም አያረጋግጥም፤ ያን ያህል ሌሊት ሳይተኛ የገባ ልጅ ያለ ኪኒንም ሊወድቅ ይችል ነበር። ነገር ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ሳይንስ አድቫንስስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ ዓይነት ነገር በሥርዓት አሳይቷል። 40 ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው በተለያየ ቀን ሜቲልፌኒዴት፣ ዴክስትሮአምፌታሚንና ሞዳፊኒል የተባሉ ሌሎች ሁለት አነቃቂ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ምንም መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ወሰዱ። የተሰጣቸው ሥራ ክብደት የተወሰነለት ቦርሳ ውስጥ ዋጋቸው የሚበልጠውን ዕቃዎች መርጦ መክተት ነው። መድኃኒቱን በወሰዱበት ቀን ብዙ ደከሙ። ረዘም ላለ ጊዜ ሞከሩ፣ ዕቃውን ደጋግመው አስገቡ፣ ደጋግመው አወጡ። የመረጡት ዕቃ ጠቅላላ ዋጋ ግን ያነሰ ነበር። ያለ መድኃኒት ከሌሎች የተሻሉ የነበሩት ደግሞ ሲወስዱ ወደ ታች ወረዱ። ሌሎች ጥናቶችም ወሳጁ ከሠራው በላይ የሠራ እንደሚመስለው ይናገራሉ። የደንቢያው ልጅ ፊት የበራው ለዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ የሰጠው የመሥራት ስሜትን ነው።

ከዚሁ ጋር ከዶርሙ የመጣ አንድ ሌላ ጥያቄ ነበር። ሦስተኛው ልጅ አንድ ጊዜ ቀምሶ በጣም ስለተስማማው፣ እኔም በሽታው ያለብኝ ይሆናል አለኝ። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሌለበትንም ሰው ያነቃሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ወንድ ልጆች ላይ በዴክስትሮአምፌታሚን የተደረገ ጥናት እነሱም ረጋ እንዳሉና ትኩረታቸው እንደጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ ከሠራልኝ በሽታው አለብኝ ማለት አይቻልም። ምርመራው የልጅነት ታሪክ ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ የሐኪም ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚህ ልጅ የምርመራ ቀጠሮ አስያዝኩለት።

ክሊኒክ በገባ ማግስት ሐኪሙ የደንቢያውን ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ለብዙ ወላጆችም ይጠቅማል። በልጅነትህ ጉሮሮህን ደጋግሞ ያምህ ነበር? ጉልበትህ ወይም ቁርጭምጭሚትህ አብጦ ያውቃል? አለው። ምክንያት አለው። ሕክምና ሳያገኝ የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ይይዛል። ብዙዎቹ እስኪከብዳቸው ድረስ አያውቁትም። ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቭ የጠበበበት ሰው ልቡ ሲፈጥን ደሙ በጠባቡ በኩል የሚያልፍበት ጊዜ ያጥረዋል። ደሙ ወደ ሳንባው ያብታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ኪኒኑን ከጫትና ከቡና ጋር ቢደርበው ያ ሌሊት በሌላ መንገድ ሊያልቅ ይችል ነበር። ልጁ የልብ አልትራሳውንድ ተነሣ። ልቡ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን እፎይ አልኩ። የዶርሙ ልጆች ግን ኪኒን ሲቀባበሉ የማንን ልብ ማን አይቶት ነበር?

አሁን ወደ አዲስ አበባው ልጅ።

ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. እንዳለበት የታወቀው ሃይስኩል ሳለ ነው። የአእምሮ ሐኪም አዲስ አበባ ይከታተለዋል። በቀን ሁለት ፍሬ ታዞለታል፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ። መድኃኒቱ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። እናቱ በየወሩ ማዘዣውን ይዘው ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራሉ፤ ሲያገኙ ይልኩለታል። ጎንደር ሲመጣ ብልቃጡን ካልሲ ውስጥ ይደብቀው ነበር። የአእምሮ ሐኪም ያዘዘለት መሆኑ ከታወቀ እብድ እንዳይሉት ፈራ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ሃይስኩል ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛው ብሎታል።

አንድ ቀን ብልቃጡ ተገኘ። እሱ የጠበቀው ሳቅ ነበር። የዶርሙ ልጆች ግን ስልክ አውጥተው ስሙን ፈለጉ፤ ውጭ አገር ተማሪዎች ለፈተና የሚወስዱት መሆኑን አነበቡ። ወዲያው ነገሩ ተገለበጠ። ልጁ በአንድ ማታ ከሚደብቅ ሰው ወደሚለመን ሰው ተቀየረ። ኪኒን ሲሰጥ ወዳጅ ሆነ። ሻይ ይጋበዛል፣ ኖት ይሰጠዋል፣ ላይብረሪ ቦታ ይያዝለታል። አንድም ብር አልተቀበለም። የሕይወቱን ትልቁን ሐፍረት ወደ ክብር የሚለውጥለት ነገር እጁ ላይ አገኘ፤ እንዴት እንቢ ይበል? «እንቢ ካልኩ ተመልሼ በሽተኛ እሆናለሁ ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ሲል አለቀሰ።

የሰጠው የከሰዓቱን ፍሬ ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ከሰዓት ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላል እንጂ የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ መለኪያ ይሳሳታል፣ የጀመረውን ትቶ ይወጣል፣ አሳይንመንት ይረሳል። ግሬዱ ወረደ። እናቱ በስልክ ይቆጡታል፤ መድኃኒቱን እየወሰድክ እንዴት እንዲህ ትሆናለህ ይላሉ። እሱ ዝም። ሐኪሙም መድኃኒቱ በቂ አልሆነለትም ብሎ በሚቀጥለው ቀጠሮ መጠኑን ከፍ ሊያደርግ አስቦ ነበር። ያልተዋጠ መድኃኒት አልሠራም ተብሎ ሊጨመር ነበር ማለት ነው። ኪኒን ለጓደኛ የሚሰጥ ልጅ የራሱን ሐኪም ዓይን ይሸፍናል።

ከዚያ ከሌላ ብሎክ አንድ ተማሪ ብር ይዞ መጣ። የአዲስ አበባው ልጅ የፈራው ያኔ ነው። ግን ለማን ይናገር? ያን ሌሊት ክሊኒክ ውስጥ ለነርሷ እስኪናገር ድረስ ይዞት ቆየ።

ፕሮክተሩ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዲሄድ ፈለገ። ከሕግ አንፃር መሠረት አለው። ሜቲልፌኒዴት በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት በሁለተኛው መዘርዝር ያለ ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። እዚህ አገር ቤትም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመድኃኒት ቁጥጥሩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚሰጠው በልዩ ማዘዣ ነው። በነጻ ነው የሰጠሁት ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ይህን ለሁለቱም ልጆች በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ።

ክሱን ግን ተቃወምኩ። ነርሷ ትክክለኛውን እርዳታ ልትሰጥ የቻለችው አንድ ልጅ ራሱን የሚያስከስስ ቃል ስለተናገረ ነው። ልጁን በዚያ ቃል ብንቀጣው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ልቡ እየዘለለ የሚመጣ ተማሪ አጠገብ የሚቆም ጓደኛ አፉን ይዘጋል። ነርሷም ቡና ነው ብላ ትሸኘዋለች። ይህን ለፕሮክተሩ ስነግረው ጥቂት አስቦ ተስማማ። ብር ይዞ ስለመጣው ልጅ ግን ብሎኩን እከታተላለሁ አለ። እሱ ላይ አልተከራከርኩትም።

የደንቢያው ልጅ ኪኒኑን በአንድ ጊዜ አቆመ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝቶ አሳለፈ። ቀጥሎ ከባድ ትካዜ ያዘው። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ግን ብቻውን የሚተው ነገር አይደለም። ነርሷና እኔ በየቀኑ አየነው። ጫቱንም አቆመ። ቡናውን እስከ ምሳ ብቻ አደረገ።

ከዚያ አጠናኑን ጠየቅኩት። ሃንድአውቱን በሦስት ዓይነት ቀለም አስምሮ ደጋግሞ ያነባል። ጥያቄ ሠርቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛው ይከብደዋል፤ አንዱን ገጽ ለመረዳት ሌላው ተማሪ ከሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ ይወስድበታል። ለአራት ዓመት ይህን ለማንም አልተናገረም። ሌሊቱን የሚበላበት ይህ ነው እንጂ የትኩረት ማነስ አይደለም። ሃንድአውቱን ዘግቶ በአማርኛም ቢሆን የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን እንዲያይ አደረግን። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ እንዲህ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ደጋግመው ካነበቡት የበለጠ እንዳስታወሱ አሳይቷል። ደጋግሞ ማንበብ የሚያሸንፈው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ብቻ ነው። እንቅልፉን ወደ ሰባት ሰዓት አወጣን። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎት ነበር። ግን የተማርነው ነገር አንጎል ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ ነው።

የአዲስ አበባው ልጅ መድኃኒቱን ክሊኒክ ማስቀመጥ መረጠ። ነርሷ የሳምንቱን ትሰጠዋለች። ዶርም ውስጥ ብልቃጥ የለም፤ የሚለምነውም የለም። ለእናቱና ለሐኪሙ ራሱ ደውሎ ነገራቸው፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እናቱ አልተቆጡም። መጀመሪያ የጠየቁት፣ ስንት ወር ብቻህን ቻልከው የሚለውን ነው። ሐኪሙ መጠኑን የመጨመር ሐሳቡን ተወ። ልጁ ሁለቱንም ፍሬ በሰዓቱ መውሰድ ከጀመረ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ የጀመረውን መጨረስ ጀምሯል።

ለዶርሙ ልጆች ደግሞ እሱ ራሱ ነገራቸው። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ምን እንደሆነ፣ ያለ መድኃኒት ከሰዓቱ እንዴት እንደሚያልፍ አስረዳቸው። እብድ ያለው የለም። የደንቢያው ልጅ የመውጫ ፈተናውን ያለ ኪኒን ተፈትኖ አለፈ፤ ብዙ ሳይሆን በጥቂት ነጥብ። ሁለቱ አሁንም አብረው ላይብረሪ ይገባሉ። ከተቋሙ ጋር የቀረን ሥራ ክሊኒኩ ውስጥ ለሌሎች ተማሪዎችም የመድኃኒት ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ማዘጋጀት ነው። ጥያቄው ቀርቧል፤ ሁለት ሌሎች ተማሪዎችም በተራቸው ይጠብቃሉ፤ አንዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሌላዋ የድባቴ መድኃኒት ደብቀው የሚወስዱ ናቸው።